ከርነሉ «ቦታ የለም» ሲል የት ማለቱ ነው?

ሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ለፒሲአይ መሣሪያዎች፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ለሚሰኩ ካርዶችና መሰሎቻቸው፣ ሪሶርስ (በተለይ የሜሞሪ አድራሻ) ስለሚያድልበት መንገድ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰነበተ። እኔ ዘንድ በአራት ሰዎች በኩል ደርሷል፤ ከአራቱ ሁለቱ «አየህ፣ ሌሊት የምታድርበት ነገር ይህን ያህል ቀላል ነበር» የምትል ማስታወሻ አክለውበታል። ጽሑፉ ጥሩ ተነባቢ ነው። ጸሐፊው አዲስ ካርድ ሰክተው ማሽኑን ሲያስነሡ ከርነሉ ለካርዱ አድራሻ አልሰጥም ብሎ ያበሳጫቸውን ብስጭት ሲያወጉ፣ በዚያ ያለፈ ሰው ሁሉ ራሱን ያያል። ከብስጭቱ ተነሥተው የደረሱባቸው መደምደሚያዎች ግን ብዙ ሰው ያሳስታሉ ብዬ ስለማምን ነው ይህን የምጽፈው።

በቅድሚያ የሚሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ባለ 64 ቢት ማሽን ላይ አድራሻ አያልቅምና «ቦታ የለም» የሚለው መልእክት የከርነሉ ስንፍና ነው ይላሉ። በሎጉ (በከርነሉ የመልእክት መዝገብ) ላይ «መመደብ አልተቻለም» የሚል እያንዳንዱ መስመር አንድ የሞተ መሣሪያ ያመለክታል፤ እሳቸው አሥራ ሰባት ቆጥረዋል። መድኃኒቱ ሪአሎክ የተባለው፣ አድራሻን እንደገና የሚያደላድለው የማስነሻ አማራጭ ነው፤ ካልበቃ ኖሲአርኤስ የተባለው ሌላ አማራጭ ይታከልበት፤ ሁለቱም በዲፎልት (ማንም ሳይጠይቅ) ክፍት መሆን ነበረባቸው። አራተኛው ነጥባቸው ፈርምዌር (ከከርነሉ በፊት ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ሁልጊዜ ስለሚሳሳት ከርነሉ የፈርምዌሩን ሥራ ጥሎ ሁሉንም ከዜሮ ይመድብ የሚል ነው። በመጨረሻም ለማጣራት ኤልኤስፒሲአይ (የፒሲአይ መሣሪያዎችን የሚዘረዝረው ትእዛዝ) የሚያሳየው ይበቃል፣ ጥሬ ሬጅስተር (መሣሪያው ውስጥ ያለውን ትንሽ የመረጃ መያዣ) ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው ብለው ይዘጋሉ።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር። የመጀመሪያውና አራተኛው ነጥብ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አይስማሙም። በመጀመሪያው ጥፋተኛው ከርነሉ ነው፣ በአራተኛው ፈርምዌሩ። ሁለቱም አንዳንዴ ጥፋተኛ ይሆናሉ፤ ጽሑፉ ግን መቼ ማን እንደሆነ የምንለይበትን መንገድ አልሰጠንም። ይህን የማነሣው ቃል ለመያዝ ብዬ አይደለም። የቀሩት ስህተቶችም ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ይመስለኛል፦ ጸሐፊው የአድራሻ ቦታን እንደ አንድ ሰፊ ሜዳ ነው የሚያዩት። ነገሩ ግን ዛፍ ነው።

«64 ቢት እያለ ቦታ እንዴት ያልቃል?»

አንድ የፒሲአይ መሣሪያ ምን ያህል አድራሻ እንደሚፈልግ የሚናገረው ቤዝ አድረስ ሬጅስተር በሚባሉት፣ በአጭሩ ባር በምንላቸው ሬጅስተሮቹ ነው። (ሌሊቱን ሙሉ ባር ውስጥ ነበርኩ የሚል የድራይቨር ጸሐፊ ሁልጊዜ እየዋሸ አይደለም።) ተራ መሣሪያ እስከ ስድስት ባር ሊኖረው ይችላል። ከርነሉ መጠኑን የሚያውቀው ባሩ ላይ ሁሉንም ቢት 1 አድርጎ ጽፎ መልሶ በማንበብ ነው። በሜሞሪ ባር ላይ የታችኞቹ አራት ቢቶች የባሩን ዓይነት ስለሚናገሩ ወደ ጎን ይተዋሉ፤ ከዚያ በላይ እስከ ስንተኛው ቢት ድረስ ዜሮ ሆኖ እንደቀረ ሲታይ መጠኑ ይገኛል። የታችኞቹ 28 ቢቶች 1 አንሆንም ካሉ መሣሪያው 256 ሜጋባይት ጠይቋል ማለት ነው። መጠኑ ሁልጊዜ እጥፍ በእጥፍ የሚያድግ ነው፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ። መነሻ አድራሻውም የራሱ መጠን ብዜት መሆን አለበት፤ 256 ሜጋባይት የሚፈልግ ባር በ256 ሜጋባይት ብዜት ላይ ካልሆነ አይቀመጥም።

እስከዚህ ድረስ ሜዳው ሜዳ ነው። ብሪጅ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ብሪጅ ሁለት ባሶችን (መሣሪያዎች የሚገናኙባቸውን መስመሮች) ያያይዛል፤ ከአንዱ በታች ሌላው እየተሰካም ዛፍ ይሆናል። ብሪጅ ከበላዩ ካለው ባስ ወደ በታቹ የሚያሳልፈው በመስኮቶቹ ውስጥ የወደቀውን አድራሻ ብቻ ነው። መስኮቶቹ ሦስት ናቸው፦ አንድ ለአይኦ (ከሜሞሪ የተለየ የቆየ የአድራሻ ዓይነት)፣ አንድ ለተራ ሜሞሪ፣ አንድ ደግሞ ፕሪፌቸብል ለሚባለው፣ ማለትም ቀድሞ ቢነበብ ጉዳት ለማያመጣ ሜሞሪ። ከሦስቱ 64 ቢት ሊሆን የሚችለው የመጨረሻው ብቻ ነው። የተራው ሜሞሪ መስኮት በስታንዳርዱ 32 ቢት ነው፤ የሚሰፋውና የሚጠበውም በ1 ሜጋባይት በ1 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ 64 ቢት፣ ከርነሉ 64 ቢት፣ ባሩ ራሱ እንኳ 64 ቢት ቢሆን፣ ባሩ ፕሪፌቸብል ካልሆነና መሣሪያው ከብሪጅ ጀርባ ከተቀመጠ ቦታው በአጠቃላይ ከ4 ጊጋባይት በታች ነው። በፒሲአይ ኤክስፕረስ ማሽን ላይ ደግሞ የሚሰካ ካርድ ሁሉ ማለት ይቻላል ከብሪጅ ጀርባ ነው፤ እያንዳንዱ ፖርት ለሶፍትዌር የሚታየው እንደ ብሪጅ ነውና።

ከ4 ጊጋባይት በታች ያለው ሰፈር ደግሞ የተጨናነቀ ነው። ራሙ አለ፣ የኢንተራፕት ተቆጣጣሪዎቹ አሉ፣ የየመሣሪያው ቅንብር የሚነበብበትና የሚጻፍበት የኮንፊግሬሽን ቦታ አለ። የኮንፊግሬሽኑን ብቻ እናስላው። ለአንድ ፈንክሽን (መሣሪያው ውስጥ ላለ ራሱን የቻለ ክፍል) 4 ኪሎባይት፣ በአንድ መሣሪያ እስከ 8 ፈንክሽን፣ በአንድ ባስ እስከ 32 መሣሪያ፤ ለአንድ ባስ 1 ሜጋባይት ይሆናል። 256 ባስ ሲባዛ 256 ሜጋባይት።

እንግዲህ ፈርምዌሩ ለፒሲአይ 1 ጊጋባይት ክፍተት ተወ እንበል። በውስጡ 256 ሜጋባይት ባር የሚቀመጥባቸው ቦታዎች አራት ብቻ ናቸው። አንዱን የኮንፊግሬሽኑ ቦታ ያዘው። በቀሩት ሦስት ላይ ሦስት ትንንሽ መሣሪያዎች፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜጋባይት ይዘው፣ አንድ አንድ ላይ ተበታትነው ተቀመጡ። ነጻ የቀረው 765 ሜጋባይት ነው። ባለ 256 ሜጋባይቱ ባር ግን የትም አይገባም። ከርነሉ «ቦታ የለም» ይላል፣ እውነቱን ነው። ነጻውን ሜጋባይት የደመረ ሰው ግን ሐሰት ይመስለዋል፤ ጸሐፊው የሠሩት ስህተት ይኸው ነው።

ሌላም አለ። ባዶ የሆት ፕላግ ፖርት (ማሽኑ ሳይጠፋ ካርድ የሚሰካበት) ላይ ከርነሉ ለወደፊቱ ብሎ የሚያስቀምጠው ሜሞሪ በዲፎልት 2 ሜጋባይት ነው። ማሽኑ እየሠራ ሳለ እዚያ ላይ 256 ሜጋባይት የሚፈልግ ካርድ ቢሰካ በላይኛው ባስ ላይ ባዶ ቦታ ሞልቶ እያለም ካርዱ ላያገኝ ይችላል። የጠበበው የዚያ ፖርት መስኮት ነው። ነገሩ ስንፍና እንዳልሆነ ለመረዳት ተቃራኒውን መጠየቅ ይበቃል፦ ለእያንዳንዱ ባዶ ፖርት 256 ሜጋባይት ቢያዝ ከላይ ባሰላነው 1 ጊጋባይት ውስጥ ስንት ፖርት ይኖራል?

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምተወው ነጥብ አለ። ባሩ 64 ቢትም ፕሪፌቸብልም ሆኖ፣ ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለው ቦታ ሁሉ ባዶ ተዘርግቶ እያለ «ቦታ የለም» መባል በእርግጥ ያናድዳል። በባዮስ (በፈርምዌሩ) ቅንብር ውስጥ ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለ አድራሻን ዲኮድ ማድረግን (መቀበልን) የሚፈቅደው አማራጭ ሲዘጋ የሚሆነው ይህ ነው፦ ሆስት ብሪጁ (ፕሮሰሰሩን ከፒሲአይ ጋር የሚያገናኘው፣ የዛፉ ሥር) ከላይ መስኮት እንዳለው ፈርምዌሩ አልተናገረም፣ ከርነሉም ያልተነገረውን መስኮት አይፈጥርም። በዚህ ጊዜ መልእክቱ ትክክል ቢሆንም ሰውን አይረዳም። «የትኛው ወላጅ መስኮት ጠበበ» ብሎ ቢናገር ኖሮ ግማሹ ክርክራችን አይነሣም ነበር።

አሥራ ሰባቱ መስመሮች

ይህኛው ብዙ አያስኬድም። ከርነሉ መጀመሪያ የግዴታውንም የውዴታውንም ሁሉ ደምሮ ይሞክራል፤ ለሆት ፕላግ የሚቀመጠው ትርፍ የውዴታ ነው። ካልተሳካ የያዘውን ለቅቆ የግዴታውን ብቻ ይዞ እንደገና ይሞክራል። ሎጉ ላይ የሚጻፈው ሙከራው ሁሉ ነው። አንድ ባር «አልተቻለም» ተብሎ ከአሥር መስመር በታች «ተመድቧል» ሊባል ይችላል። ትርጉም ያለው ለእያንዳንዱ ባር የተጻፈው የመጨረሻው መስመር ነው።

ከዚያ በኋላ የሚቀሩትም ሁሉም እኩል አይደሉም። በኤክስ86 (በኢንቴልና በኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች) የአይኦ ቦታ በጠቅላላው 64 ኪሎባይት ነው፤ የብሪጅ አይኦ መስኮት ደግሞ ከ4 ኪሎባይት አያንስም። አካፍሉት፦ ከ16 መስኮት በላይ አይገባም። ብዙ ፖርት ያለው ማሽን ላይ የአይኦ «አልተቻለም» መስመር ቢበዛ ሒሳቡ ራሱ ያመጣው ነው፤ አብዛኞቹ የዛሬ ካርዶች አይኦ ሳይጠቀሙ ስለሚሠሩም የሚጎዳው ጥቂት ነው። የኤክስፓንሽን ሮም (ማሽኑ ሲነሣ የሚያገለግል የካርዱ ፕሮግራም) ባር ቦታ ቢያጣም ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ብዙ ጊዜ ማንም አይፈልገውም። ከአሥራ ሰባቱ ስንቱ የእውነት ችግር እንደነበር ጸሐፊው አልነገሩንም፤ የእኔ ግምት አንድ ወይም ሁለት ነው። ሎጉ ሙከራን ከውጤት ለይቶ ባለማሳየቱ ግራ ያጋባል ቢሉ ግን በሙሉ ልብ እስማማለሁ።

ሪአሎክና ኖሲአርኤስ

ጽሑፉ የተወደደው በዚህ ክፍል ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሪአሎክ የሚያደርገው ይህ ነው። ፈርምዌሩ ለብሪጆች የሰጣቸው መስኮት ከኋላቸው ላሉት መሣሪያዎች ካልበቃ ከርነሉ መስኮቱን ለቅቆ እንደ አዲስ ይለካዋል፤ መጀመሪያ ለቅጠሎቹ የቀረቡትን ብሪጆች፣ ካልሆነ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ እየወጣ። እንግዲህ የሚጠቅመው መቼ እንደሆነ ከዚሁ ይታያል፦ የብሪጁ መስኮት ጠቦ የወላጁ ሰፊ ሲሆን። የሆስት ብሪጁ መስኮት ራሱ ከጠበበ ግን ምንም አይፈይድም። ጠባብ ቤት ውስጥ ዕቃ ቢያገላብጡ ቤቱ አይሰፋም።

«በዲፎልት ክፍት መሆን ነበረበት» ለሚለው መልሱ ታሪክ ነው። መስኮቶችን በራስ ፈቃድ የማደላደል ሙከራ ከአንድ ጊዜ በላይ ተደርጎ ሲሠሩ የነበሩ ማሽኖችን አበላሽቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ሪአሎክ የማስነሻ አማራጭ ሆኖ የገባው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያስገባው ፓች (የኮድ ለውጥ) ራሱ የቀደሙት ሙከራዎች ብልሽት እንዳስከተሉ ገልጾ ነገሩን በዲፎልት ዘጋው፣ የፈለገ ብቻ እንዲከፍተው። በ2010 ደግሞ አድራሻን ከታች ወደ ላይ ከማደል ይልቅ ከላይ ወደ ታች ማደል ተሞክሮ በዚያው በከርነሉ ስሪት 2.6.37 ዑደት ውስጥ ወደ ነበረበት ተመልሷል። በሐሳብ ደረጃ ሁለቱም ንጹሕ ነበሩ። ንጹሕ ሐሳብን የሚያፈርሰው ማንም ያልመዘገበው ጎረቤት ነው፦ በሠንጠረዥ ላይ የሌለ ግን አድራሻው ላይ የተቀመጠ ሃርድዌር።

ጸሐፊው ያላነሡት መካከለኛ መንገድም አለ። ከርነሉ ሲገነባ የሚመረጥ አውቶማቲክ አማራጭ አለ፤ የኤስአርአይኦቪ ባሮች ሳይመደቡ መቅረታቸውን ሲያይ ሪአሎክን ራሱ ያበራል። ኤስአርአይኦቪ አንድን ካርድ ብዙ አድርጎ የማሳያ መንገድ ስለሆነ የአንዱ ባር መጠን በብዛቱ ይባዛል፤ 1 ሜጋባይት የሚፈልጉ 128 ምናባዊ ፈንክሽኖች 128 ሜጋባይት ይጠይቃሉ። ይህን ያላሰበ ፈርምዌር የሚተወው መስኮት እንደማይበቃ አስቀድሞ ስለሚታወቅ እዚያ ላይ ማደላደሉ ምክንያት አለው። ምክንያት ሳይኖር ማደላደል ግን ቅንድብ ሊያሳምሩ ዓይን ማጥፋት ነው፤ በዓይን የሚታይ ምሳሌም አለው። ማሽኑ ሲነሣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ምስል የሚጻፈው ኢኤፍአይ ፈርምዌር ባስረከበው የሜሞሪ አድራሻ ላይ ነው፤ አድራሻው ደግሞ የግራፊክስ ካርዱ ባር ውስጥ ነው። ከርነሉ ያን ባር ወደ ሌላ ቦታ ካዛወረው የስክሪኑ ድራይቨር በአሮጌው አድራሻ መጻፉን ይቀጥላል። በ2017 ያንን ባር እንዳይነቃነቅ የሚይዝ ማስተካከያ ወደ ከርነሉ መግባት ያስፈለገው በዚህ ነው።

ኖሲአርኤስ ከዚህም የከፋ ነው። ሲአርኤስ በኤሲፒአይ (ፈርምዌሩ ስለ ሃርድዌሩ ለከርነሉ በሚነግርባቸው ሠንጠረዦች) በኩል «ይህ ሆስት ብሪጅ የሚያሳልፈው እነዚህን አድራሻዎች ነው» ብሎ የሚናገረው ክፍል ነው። ከ2.6.34 ጀምሮ ከርነሉ ባዮሳቸው 2008 ወይም ከዚያ ወዲህ በሆነ ማሽኖች ላይ ይህን በዲፎልት ያምናል። ኖሲአርኤስ «አትመነው» ማለት ነው። ያኔ ከርነሉ ቦታው ሁሉ የእሱ ይመስለዋል፤ ባሩን ሆስት ብሪጁ በማያሳልፈው አድራሻ ላይ አስቀምጦ «ተመድቧል» ይላል። ሎጉ ይጸዳል፣ ሰው ይደሰታል፣ ድራይቨሩ የካርዱን ሬጅስተር ሲያነብ ግን ሁሉም ቢት 1 ሆኖ ይመጣል፤ የሚመልስለት የለምና። ከአንድ በላይ ሆስት ብሪጅ ያላቸው ማሽኖች ላይማ ለየትኛው ብሪጅ የትኛው አድራሻ እንደሚደርስ በሌላ በምን ይታወቃል? የከርነሉ ሰነድ እንኳ ይህ አማራጭ ካስፈለጋችሁ ስህተት ብላችሁ አመልክቱ ነው የሚለው።

ሪአሎክን እኔም እጠቀምበታለሁ፣ እንደ መመርመሪያ። ከፍቼው ችግሩ ከጠፋ አንድ ነገር ተማርኩ፦ ጥበቱ መካከል ላይ ነበር፣ ከላይ ቦታ አለ። ካልጠፋ ደግሞ ወደ ሥሩ መሄድ እንዳለብኝ አወቅሁ። የጠበበው ለሆት ፕላግ የተያዘው ቦታ ከሆነ ዛፉን ሁሉ ከመነቅነቅ ያንኑ መጠን ብቻ የሚያሳድግ ሌላ አማራጭ አለ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይሉ የለ፤ እዚህ ላይ ምሳሌው ቃል በቃል ይሠራል። ከካርዱ ባር ተነሥቶ ወደ ብሪጁ መስኮት፣ ከዚያ ወደ ወላጁ፣ ከዚያ ወደ ሆስት ብሪጁ እየወጡ እያንዳንዱን ደረጃ የአድራሻ ድልድሉን ከሚያሳየው፣ በፕሮክ ሥር ካለው የአዮሜም ፋይል ጋር ማመሳከር ነው። ፋይሉን በሩት (በአስተዳዳሪ) ሥልጣን ያንብቡት፤ ያለዚያ አድራሻው ሁሉ ዜሮ ሆኖ ይታያል። ይህን ሳያውቁ «ከርነሉ ሁሉንም ዜሮ ላይ መድቧል» ብለው የደነገጡ ሰዎች አጋጥመውኛል።

«ፈርምዌሩን ጥሎ ከዜሮ»

ፈርምዌር ይሳሳታል፤ በዚህ አልከራከርም። «ከዜሮ» የሚባል መነሻ አለ መባሉ ላይ ግን እከራከራለሁ። የፒሲአይ ብሪጅ መስኮቱን በስታንዳርድ ሬጅስተር ይናገራል፤ ሆስት ብሪጅ ግን እንዲህ ያለ የጋራ ስታንዳርድ የለውም። ኤሲፒአይ ባለው ማሽን ላይ ከርነሉ የዛፉን ሥር ስፋት የሚያውቀው ፈርምዌሩ ስለነገረው ነው። ቅርንጫፎቹን ሁሉ ቆርጦ ቢተክል እንኳ የሚተክለው ፈርምዌሩ በከለለው መሬት ላይ ነው።

ፈርምዌሩ ራሱ በሁለት አፍ ሲናገር ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። ማሽኑ ሲነሣ ለከርነሉ የሚሰጠው የሜሞሪ ካርታ ኢ820 ይባላል። በ2010 መጨረሻ ላይ ከርነሉ ከሲአርኤስ መስኮት ውስጥ ኢ820 «የተያዘ» ያለውን ቆርጦ ማውጣት ጀመረ፤ አንዳንድ ማሽኖች በሲአርኤስ የማይሠራ አድራሻ ጭምር ስለሚያስተዋውቁ። መከላከያው ሠራ። ከዓመታት በኋላ ግን ኢ820 መላውን የሆስት ብሪጅ መስኮት «የተያዘ» የሚልባቸው ላፕቶፖች መጡ። ያ ሲቆረጥ ምንም አልቀረም። ፈርምዌሩ ቀድሞ የመደባቸው መሣሪያዎች ሠሩ፤ ለከርነሉ የተወው የተችፓዱ ተቆጣጣሪ ግን ባሩን የሚያስቀምጥበት አጣ፣ ተችፓዱም ሞተ። በ2022 በወጣው 5.19 ይህን ቆረጣ ማብራትና ማጥፋት የሚቻልባቸው አማራጮች ገቡ፤ ባዮሳቸው 2023 ወይም ከዚያ ወዲህ በሆነ ማሽኖች ላይም ቆረጣው በዲፎልት ቀረ።

እዚህ ላይ ጥፋተኛው ማን ነው? ለአንዱ ማሽን መድኃኒት የነበረ መስመር ለሌላው መርዝ ሆነ። ጸሐፊው ይህን ላፕቶፕ ቢያገኙ ኖሮ በመጀመሪያ ነጥባቸው ከርነሉን፣ በአራተኛው ፈርምዌሩን ይከሱ ነበር፤ ሪአሎክ ቢከፍቱም ተችፓዱ አይነቃም፤ የጠበበው ሥሩ ነበርና። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆን መጀመሪያ ሁለቱን ካርታዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ይቀድማል።

ከዜሮ መመደብ የሚሠራበት ዓለም እንዳለ ግን መመስከር አለብኝ። መስኮቱ በዲቫይስ ትሪ (ሃርድዌሩን በሚዘረዝር መግለጫ) የሚገለጽባቸውና ፈርምዌሩ ባሮቹን ሳይነካ የሚያስረክብባቸው ብዙ የአርም ቦርዶች ላይ ከርነሉ ራሱ ይመድባል፣ ያምርበታልም። ኤሲፒአይ በሚጠቀሙት የአርም ማሽኖች ላይ ደግሞ ፈርምዌሩ «የመደብኩትን ጠብቁልኝ» የሚልበት የታወቀ መንገድ አለ፤ ከርነሉ ይህን ያከብራል። እንዲህ ያለ መንገድ መበጀቱ ራሱ አንዳንድ አድራሻ ቢነቃነቅ የሚፈርስ ነገር እንዳለ ይነግረናል።

ኤልኤስፒሲአይ ይበቃል?

ይህን ነጥብ መጨረሻ ላይ ያቆየሁት እኔው ራሴ የወደቅሁበት ስለሆነ ነው።

ኤልኤስፒሲአይ በተለመደው አጠራሩ የሚያሳየው የባር አድራሻ ከርነሉ በመዝገቡ የያዘውን ነው። ካርዱ ውስጥ ያለው ሬጅስተር ሌላ ሊሆን ይችላል። ጥሬውን የሚያሳይ፣ በባሱ በኩል የሚታየውን አድራሻ የሚያሳይም አማራጭ አለው፤ አንድ ሬጅስተር ብቻ ለማየት ደግሞ ሴትፒሲአይ አለ። ከርነሉ ምንም ሳይነካ በፊት ፈርምዌሩ የተወውን ለማየት ኧርሊደምፕ የሚባል የማስነሻ አማራጭ አለ፤ የኮንፊግሬሽን ቦታውን ሎጉ ላይ ይገለብጠዋል። ሦስቱ፣ ማለትም ፈርምዌሩ የተወው፣ ከርነሉ የመዘገበውና ካርዱ አሁን የያዘው፣ ሲነጻጸሩ ብዙ ጊዜ ነገሩ ራሱ ይናገራል።

አንድ ጊዜ ድራይቨር የምጽፍለት ካርድ ሲነሣ ይሠራና ትንሽ ቆይቶ ዝም ይላል። የሚነበበው ሁሉ 1 ብቻ። ሎጉ ላይ የ«አልተቻለም» መስመሮች ነበሩ፣ በስተመጨረሻ የተመደቡ፤ እኔ ግን ያኔ አሥራ ሰባቱን እንደ ቆጠሩት ጸሐፊ ነበርኩ። ሪአሎክ ከፈትኩ። ለውጥ የለም። ኤልኤስፒሲአይ ቆንጆ አድራሻ ያሳየኛል፤ ሦስት ቀን የብሪጅ መስኮት መለኪያውን ኮድ መስመር በመስመር አነበብኩ። በአራተኛው ቀን ጥሬውን ሳነብ ባሩ ዜሮ ነበር፣ የሜሞሪ ዲኮድ ቢቱም ጠፍቷል። ካርዱ በገዛ ሬጅስተሩ በኩል ራሱን ዳግም የሚያስጀምርበት መንገድ ነበረው፤ ድራይቨሬ ይህን ሲያደርግ የኮንፊግሬሽኑን ሁኔታ አስቀድሞ አያስቀምጥም፣ በኋላም አይመልስም። በከርነሉ በኩል ዳግም ባስጀምረው ኖሮ ከርነሉ ራሱ አስቀምጦ ይመልሰው ነበር። ምደባው ከመጀመሪያውም ትክክል ነበር።

ለኤልኤስፒሲአይ ፍርዱን ልስጠው፦ ነግሮኝ ነበር። ከርነሉ አድራሻ አለው እያለ ካርዱ ግን ዜሮ ሲይዝ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ በቅንፍ «ቨርቹዋል» የሚል ቃል ይጽፋል። ሦስቱንም ቀን በየጥዋቱ ሳየው፣ ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ማስተካከያው ሁለት መስመር ሆነ፤ ከዳግም ማስጀመሩ በፊት ማስቀመጥ፣ በኋላ መመለስ። ሪአሎክ ግን በዚያ ማሽን ማስነሻ መስመር ላይ ተረስቶ ለወራት ቆይቷል። ባገኘሁት ቀን አወጣሁት፤ ምንም አልተለወጠም።